እኔ የሰማሁት መቶ ስድሳ ነው

የነርስ ኮሌጅ ሳለን የክፍላችን ልጅ ሁሉ የደም ግፊቱ መቶ ሃያ በሰማንያ ነበር። ወፍራሙም፣ ቀጭኗም፣ ለፈተና የሚርበተበተውም፣ ሁሉም እኩል። አንዷ የጓደኛዋን ክንድ ትጠቀልላለች፣ ኳሷን ጨመቅ ጨመቅ አድርጋ ትነፋለች፣ አየሩን ትለቃለች፣ ከዚያ «መቶ ሃያ በሰማንያ» ትላለች። መምህሩም «ጎበዝ፣ ቀጣይ» ይላል። ጉድ የማፈላው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዴ መቶ አሥራ ስድስት፣ አንዴ መቶ ሠላሳ ሁለት፣ ሲብስ ደግሞ «ምንም አልሰማሁም» እላለሁ። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ዳዊት የሚባል አፈኛ ልጅ ነበር፤ «ሀስና፣ ነርስ ከምትሆኚ ፎቶ አንሺ ሁኚ፣ እሱ ጆሮ አይፈልግም» ይለኝ ነበር።

ይሳቁ። ያልሰማሁትን ሰማሁ ማለት አልችልም። ተፈጥሮዬ ነው፤ እናቴም በዚህ ድርቅናዬ ስንቴ ተማርራለች። ብቻዬን ስሆን ግን ጭንቀቱ ይበላኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መጠቅለያው ክንድን አንቆ ደሙን ያቆመዋል። አየሩ ቀስ እያለ ሲወጣ ደሙ መንገድ ያገኝና በማዳመጫው «ጡክ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያኔ የመለኪያዋ መርፌ የደረሰችበት የላይኛው ቁጥር ነው። ድምፁ ሲጠፋ ደግሞ የታችኛው። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ያ የመጀመሪያው «ጡክ» ግን የሰውየው ደም ይሁን የገዛ ልቤ፣ ወይስ እንዲሁ ምኞቴ፣ መለየት ያቅተኝ ነበር። እውነትም ጆሮዬ አይሠራ ይሆን እያልኩ ራሴን እጠይቅ ነበር።

ለልምምድ ስንወጣ የምትይዘን ሲስተር ሮማን የምትባል አዋላጅ ነበረች፤ የመርሳ ሰው፣ በዕድሜም ከእኛ ብዙ የማትርቅ። «አልሰማሁም» ስላት አትስቅም፣ አትቆጣም። «እንግዲያው ድገሚ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። በዚህ እወዳት ነበር፣ በዚህም እፈራት ነበር።

ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ኮሌጁ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ወደ ደቡብ ይጎርፍ ነበር፤ እኔም አብሬ ጎረፍኩ። ሻንጣዬን ሲሪንቃ ላይ ከመንገድ ዳር ጣልኩት። የግፊት መለኪያዬንና ማዳመጫዬን ግን በሻርፕ ጠቅልዬ ወገቤ ላይ አሰርኳቸው። መርሳ ስደርስ እግሬ አብጦ ነበር፤ ከዚያ በግራና በኩል ገባ ብሎ ካለው የአክስቴ የአሲያ ቀዬ ተጠጋሁ። ወዲያው ታጣቂዎቹ መርሳን ያዙ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ሐኪም የሚባልም ጠፋ። የቀረን ግራና ገበያ ላይ መድኃኒት ቤት የነበረው ዓለምነህ ነው፤ መደርደሪያው ባዶ ቢሆንም ሰው ከልማዱ እሱኑ ይጠራል።

ማሽላው በደረሰ ሰሞን አንድ ረፋድ ላይ አክስቴ ከጎረቤት መጣችና «ዘይነባን ራሷን ይዟታል» አለችኝ። ዘይነባ የሸህ ጀብሪል ምራት ናት፤ የልጃቸው የአቡበከር ሚስት። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው።

«ፊቷ አብጦ ድፍን ብሏል» አለች አክስቴ። «ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባታል። ዱዓ ተይዟል።»

መለኪያዬን ከተሰቀለበት ስመነትፍ፣ «ዓለምነህ እኮ አይቷታል፤ ደህና ናት ብሏል» ብላ ልታረጋጋኝ ሞከረች።

«ስንት ነው አለ?»

«መቶ ሃያ በሰማንያ።»

ሳቄ መጣ። ወላሂ፣ ከንዴት የሚመጣው ሳቅ ነው።

ዘይነባ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ዓለምነህ ገና አልሄደም፣ መለኪያውን እየጠቀለለ ነበር። እንዴት አድርጎ እንደለካት ጠየቅሁት። በቀሚሷ እጅጌ ላይ፣ ለዚያውም ክንዷ ላይ ከታሰረው ክታብ በላይ ነው የጠቀለለው። የሸህ ጀብሪልን ምራት ክንድሽን ግለጪ ማለት አልሆነለትም፤ ጨዋ ሰው ነው። በጨዋነቱ አልፈርድም። ግን ማዳመጫ ከወፍራም ጨርቅ በላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያዎቹ ምቶች ያመልጣሉ፤ ያመለጠውን ደግሞ ከልማዱ ሞላው።

«እኔ ሴት ነኝ፤ ክንድሽን አውጪ» አልኳት። ክታቡን ሸህ ጀብሪል ራሳቸው ስላሰሩላት እስክትወልድ አይፈታም ተባለ። እሺ ብዬ ሌላኛውን ክንዷን ያዝኩ። ለካሁ። መቶ ሰባ በመቶ አሥር። እርግጠኛ ለመሆን ደገምኩ፤ መቶ አርባ በዘጠና ሆነ። እንደገና ለካሁ፤ አሁን ደግሞ ምንም አልሰማሁም። ዳዊት ከኋላዬ ቆሞ የሚስቅብኝ መሰለኝ።

ሸህ ጀብሪል መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉና በለሰለሰ ድምፅ ጠሩኝ። «ሀስና ልጄ፣ ሦስቴ ለካሽ፣ ሦስት ዓይነት ነገር ነገርሽን። መርሳ እንውሰዳት ነው የምትይው?»

«አዎ። ሲስተር ሮማን እቤቷ ሆና ታዋልዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ቃሬዛ ተሸካሚ ይፈልጋል፣ ጎረምሳ ይፈልጋል። ኬላው ላይ ጎረምሳ ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ ታውቂያለሽ። የጎረቤታችን የነፋንቱ ልጅ ገበያ እንደወጣ ቀረ። ዓለምነህ አንድ ነገር ተናግሮ በዚያው ጸና። በአንቺ ጆሮ አራት ልጅ አልሰድም።»

የጎዳኝ ቃሉ ክፉ ስለሆነ አልነበረም። እኔስ ስለ ራሴ ጆሮ ከዚህ የተለየ ምን አስብ ነበር? ወጥቼ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የነፍሰ ጡር ግፊት እንዲህ ሲሆን ቀጥሎ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ነው፤ ከዚያ እናትም ልጅም ሊሄዱ ይችላሉ። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ብሳሳት ግን አራት ልጆች ኬላ ላይ ይቀሩብኛል። እንባዬ መጣ፤ በፍርሃት ብቻ አይደለም፣ በንዴትም ጭምር እንጂ።

በተከፈተው በር ዘይነባን አያታለሁ። አንድ ሽማግሌ ገቡ። ዘይነባ ያን የከበደ ሆዷን ይዛ ከመደቡ ብድግ አለች።

«ኖር!»

«በአላህ! ተቀመጪ ልጄ።»

ተቀመጠች። እንዴት ነሽ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ... ሰላምታው ሳያልቅ ሌላ ሰው ገባ። ዘይነባ እንደገና ብድግ። «ኖር!» ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ሌላ ጥምጣም በሩ ላይ ብቅ አለ።

በአንዴ ገባኝ። እኔ ስለካትም እንዲሁ ስትነሳ፣ ስትቀመጥ፣ በማዳመጫዬ ላይ ሰላምታ ስትመልስ ነበር! ሰው ሲነሳና ሲያወራ ግፊቱ አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህን ገና አንደኛ ዓመት ሳለን ተምረነዋል። ሦስት ዓይነት የሆነችው እሷ እንጂ ጆሮዬ አልነበረም። ሆ! ይህ አገር ልጅቱን አክብሮ ሊገድላት ነው።

ተነስቼ ገባሁና «ሁላችሁም ውጡልኝ» አልኩ።

የሰማኝ የለም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ሴቶቹ እየተጉረመረሙ ተነሱ። ሽማግሌዎቹም ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ሸህ ጀብሪል ብቻ ካሉበት አልተነቃነቁም።

«ሸህ ጀብሪል፣ እርስዎም ይውጡልኝ።»

«አንቺ ልጅ! ምን ነካሽ?» አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ከገዛ ቤታቸው?»

«ከገዛ ቤታቸው» አልኩ። ወደ ኋላ አላልኩም። «ዱዓውን ውጭ ሆነው ያድርጉልን። ጀሊሉ ከውጭም ይሰማል። የማልሰማው እኔ ነኝ።»

አተኩረው አዩኝ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያናገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱና ወጡ፤ ጺማቸው ውስጥ ፈገግታ ነገር ያየሁ መሰለኝ፣ ግን አልምልም። በሩን ዘጋሁት።

«ሰው ቢገባ አልነሳም ብል ነውር አይሆንብኝም?» አለች ዘይነባ በቀጭን ድምፅ።

«ነውሩን ለእኔ ተይው። ማንም ቢገባ አትነሺም። አታውሪም። አብሽሪ።»

ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፍኳት። እግሯን መሬት አስነካሁ፤ ክንዷን ትራስ ላይ ከልቧ እኩል አደረግሁት። ከዚያ ዝም ተባባልን። በወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ይሰማል፤ እሱም እስኪበርድ ጠበቅሁ። የራሴ ልብም እስኪበርድ። ከዚያ ነፋሁና ቀስ አድርጌ ለቀቅሁ። ጡክ። መቶ ስድሳ ላይ ነው። ድምፁ መቶ አሥር ላይ ጠፋ። አሳርፌ ደገምኩ። ያው። አሳርፌ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው! በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ደስታም ድንጋጤም አንድ ላይ ወረሩኝ።

ስወጣ ሁሉም ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«መቶ ስድሳ በመቶ አሥር ነው» አልኩ። «አሁኑኑ መርሳ መሄድ አለባት።»

«ብትሳሳቺስ?» አሉ ሸህ ጀብሪል።

«ብሳሳት ልጆቹን በከንቱ አደጋ ላይ ጥያቸዋለሁ፤ ኃጢአቱም የእኔ ነው። እውነቴን ሆኖ ቁጭ ካልን ግን ዛሬ ወይ ነገ ዘይነባ ስትንቀጠቀጥ ታያላችሁ። ያን ጊዜ ሁላችሁም ለመሸከም ትሽቀዳደማላችሁ፤ ወደ መቃብር። እኔ የሰማሁት መቶ ስድሳ ነው። ሌላ ቁጥር የሚፈልግ ዓለምነህን ይጠይቅ።»

ዓለምነህ ፊቱ ቀላ። ግን ክብር ይስጠው፣ «በእጅጌ ላይ ነው የለካሁት፤ እሷ ያለችውን ስሙ» አለ።

ታጣቂዎቹን ሸሽቶ ከኋላ ጓዳ ተደብቆ የሰነበተው አቡበከር ገለባ በገለባ ሆኖ ወጣ። «አንዱ ተሸካሚ እኔ ነኝ» አለ። አባቱ ሊከለክሉት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ዞር ብለው ምርኩዛቸውን አነሱ። «እኔም ፊት ፊት እሄዳለሁ። ሽማግሌ የሚመራውን ቃሬዛ ያከብሩ እንደሆን እናያለን።»

በማሽላው መሐል አቋርጠን ወጣን። አቡበከርና ሦስት የመንደሩ ልጆች ቃሬዛውን ተሸክመዋል። አክስቴ የዘይነባን ዓይን ከፀሐይ በነጠላ ሸፍናላታለች። እኔ ከጎኗ ጎኗ እየሄድኩ በየመንገዱ ስሟን እጠራለሁ፤ «አቤት» ስትለኝ እተነፍሳለሁ።

ኬላው መርሳ መግቢያ ላይ ነው። ጠመንጃ የያዘ ወጣት እጁን አነሳ። ቃሬዛውን አስቀምጡ አለ። ልጆቹን ከመንገዱ ዳር እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው እንዲቀመጡ አዘዘ። ሸህ ጀብሪል ሊያናግሩት ቢሞክሩ «አባት፣ ዞር በሉ» አላቸው።

«እነዚህ ወጣቶች እስካሁን የት ነበሩ? ሴትዮዋ ምንም አልሆነችም፣ ቁስል የላትም። ወንድ ለማሳለፍ ነው ይኼ» አለ ወጣቱ።

አቡበከርን አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል። የሸህ ጀብሪል ፍርሃት ፊቴ ቆሞ ነበር። መፍራት ነበረብኝ፤ ንዴቱ ግን ቀደመኝ።

«ቁስሉ ውስጥ ነው» አልኩት። «ና ራስህ ስማ።»

«ምን?»

ማዳመጫዬን ከአንገቴ አውልቄ ዘረጋሁለት። አብረውት ኬላውን የሚጠብቁ ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ ግን ተንበረከከና ጆሮው ላይ አደረገው። የዘይነባን ክንድ ጠቅልዬ ነፋሁ። «ድምፅ መስማት ስትጀምር መርፌዋ የት እንደደረሰች ንገረኝ» አልኩት። አየሩን ስለቅ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ይመታል! ከመቶ ስድሳ በላይ... መቶ ስድሳ አራት ላይ። ምንድነው የሚመታው?»

«ደሟ ነው። አሁን ያንተን ክንድ አምጣ።»

እንዴት እሺ እንዳለኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጠመንጃውን ወደ ሌላኛው ትከሻ አዛወረና እጅጌውን ሰበሰበ። ጓደኞቹ ሳቃቸውን አቆሙ። በጥንቃቄ ለካሁት፤ ለጠላትም ቢሆን ዝም ብዬ ቁጥር አልፈጥርም።

«መቶ አሥራ አራት በሰባ ሁለት። አንተ ደህና ነህ» አልኩት። «እሷ ደህና አይደለችም። መንገድ ላይ ከሞተች ደግሞ በጆሮህ ሰምተህ ነው።»

እጅጌውን አውርዶ ተነሳ። «ሂዱ» አለ። ልጆቹም ተነሱ። መለኪያውን ግን በእጁ መዘን አደረገው። «ይኼ እኛም ያስፈልገናል። ስትመለሺ ትሰጭናለሽ።»

«ስመለስ እንነጋገራለን» ብዬ ከእጁ ወሰድኩት። አክስቴ ራቅ ካልን በኋላ እንኳ «ያረቢ፣ ያረቢ» ስትል ነበር።

የሲስተር ሮማን ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። እጅጌዋን እንደ ጠቀለለች ወጣች፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ስንት ነው?»

«አሳርፌ ስለካት መቶ ስድሳ በመቶ አሥር። ኬላው ላይ መቶ ስድሳ አራት።»

ወዲያው ዞረችና ጥግ ከቆመው የጤፍ ጆንያ ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች። ከዘረፋ ያተረፈቻቸውን ብልቃጦች አወጣች፤ መንቀጥቀጡን የሚከለክለው መርፌና ግፊት የሚያወርደው።

«ሲስተር፣ አንቺ አትለኪያትም?»

«በምን ልለካት? የእኔን ወስደውታል። ያለኝ አንቺ የሰማሽው ነው።» መርፌውን እየሳበች ቀና ብላ አየችኝ። «ይኼ መድኃኒት ያላግባብ ከተሰጠ ትንፋሽ ያቆማል። እርግጠኛ ነሽ?»

ማንም የሚያርመኝ የለም፣ ከእኔ በኋላ የሚለካ የለም።

«እርግጠኛ ነኝ።»

ወጋቻት። ጥቂት ቆይታ «ለኪ» አለችኝ። በሩ ላይ አቡበከርና አባቱ ቆመዋል። «ወረደ አይደል?» አለ አቡበከር። ሸህ ጀብሪልም «ወርዷል በይን እስቲ ልጄ» አሉኝ፤ ልመና ነበር የሚመስለው። ዘይነባ ራሷ በዓይኗ ትለምነኛለች። ብላቸው እንዴት ደስ ባላቸው! እኔም እኮ እንዲወርድ ፈልጌ ነበር። ግን የሰማሁት ሌላ ነው።

«አልወረደም። እንዲያውም መቶ ሰባ ገብቷል።»

አቡበከር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲስተር ሮማን ግን ጊዜ አላጠፋችም። «እንግዲያው ልጁ መውጣት አለበት» ብላ የምጡን መርፌ አዘጋጀች። መድኃኒቱን እየጨመረች፣ እኔ እየለካሁ፣ ዘይነባ ጥርሷን ነክሳ እያማጠች ቆየን። ስንት ጊዜ እንደለካሁ አላውቅም። በየጊዜው የሰማሁትን እናገራለሁ፤ ሲወጣ ወጣ፣ ሲወርድ ወረደ። አንዳንዴም «አልሰማሁም፣ እደግማለሁ» እላለሁ፤ የሚስቅብኝ አልነበረም።

ሊነጋጋ ሲል ሴት ልጅ ተወለደች። ጭብጥ የማትሞላ፣ ግን ጩኸቷ ቤቱን የሚነቀንቅ። አክስቴ አሲያ እልልታዋን ለቀቀችው። ከግቢው ተሸካሚዎቹ፣ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቱ ተቀበላት። ስንት ወር ሙሉ ሐዘን የሰነበተበት ሰፈር እልል ሲል የት ይቆማል? ዘይነባ ግን ዓይኗን ጨፍናለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ሲስተር ሮማን ከእግርጌዋ ሆና «ሀስና፣ ለኪ! ከወለደችም በኋላ ሊመጣባት ይችላል!» ብላ ጮኸችብኝ።

ጠቀለልኩ። ነፋሁ። በጆሮዬ የሚገባው እልልታ ብቻ ነው።

«ዝም በሉ!» አልኩ። የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። «ሁላችሁም! ያቺንም ሕፃን ይዛችሁ ውጡልኝ! እናትየዋን አልሰማኋትም!»

አክስቴ እልልታዋን ከመሐሉ ቆረጠችው። ሕፃኗን አቅፋ ወደ ግቢው ሮጠች። ጎረቤቱም ዝም አለ። ሸህ ጀብሪል እጃቸውን ዘርግተው የጀመሩትን ዱዓ አፋቸው ላይ ያዙት። እንደገና ነፋሁና ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅሁ። ጠበቅሁ። መጣ። ጠፋ። አላመንኩም፤ አሳርፌ እንደገና ለካሁ። በሩ ላይ የተደረደረው ፊት ሁሉ አፌን ያያል።

«መቶ ሠላሳ ስድስት በሰማንያ ስምንት» አልኩ። «አሁን እልል በሉ።»